ልጅ ያዘለችው ፈረንጅ ማናት? ኦድሪ ሄፕበርንን የምታውቁ እስቲ ኑ

ቡና_ጠጪዋ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። እዚህ ቤት ፊልም የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት። ሰሞኑን የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ፎቶ ተለቀቀ። አንዲት ቀጭን ፈረንጅ ሴትዮ የኛን አገር ሕፃን አዝላለች። ታቅፋ አይደለም፣ በጀርባዋ አዝላ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «በ77ቱ ድርቅ ጊዜ የሆሊውድ ሥራዋን እርግፍ አድርጋ ትታ ለኢትዮጵያ ሕፃናት የደረሰችው ኦድሪ ሄፕበርን» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ስለ ሴት ልጅ ውበት የሚመክር ረጅም ግጥም አለ፣ እሷ የጻፈችው ነው ተብሎ።

አክስቴ አሜን ብላ አለፈች። እኔ ደግሞ አመሌ ነው፣ ሳላጣራ አላልፍም።

ሴትየዋን በመልክ አውቃታለሁ፣ ያልተሰቀለችበት ካፌ የለማ። ጥቁር ቀሚስ፣ ረጅም የሲጋራ መያዣ፣ አንገቷ ላይ ዕንቁ። ፊልሟን ግን አንድም አላየሁም። እና ጥያቄዬ ሦስት ነው፤ ወሬው እውነት ነው ወይ? ይህን ያህል ታዋቂ ሰው እኛ አገር ምን አመጣት? ደግሞስ ከየትኛው ፊልሟ ልጀምር? ከእናቴ ጋር ነው የማየው። 68 ዓመቷ ነው፣ እንግሊዝኛውን እኔ እያስተረጎምኩላት፣ መሳሳም ከበዛ ተነስታ ወጥ ልታይ የምትሄድ እናት ናት፣ ይታሰብበት።

የሲኒማ_ሱሰኛ፦

ፎቶው እውነት ነው። ጽሑፉ ግን ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ ነው።

ከዘመኑ ልጀምር። የመጣችው በ77 ሳይሆን በ1980 ነው፣ በፈረንጅ ማርች 1988። ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እየቀነስሽ አትድከሚ። የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋ ኢትዮጵያ ነበር፣ መቀሌ ውስጥ 500 ያህል ሕፃናት ያሉበት ማሳደጊያ ሄዳ አይታለች። ሥራዋን እርግፍ አድርጋ ተወች የሚሉት ነገር ደግሞ ያስቀኛል። ምኑን ነው የምትተወው? ከ1967 ጀምሮ እኮ ከፊልም ዞር ብላ ልጆቿን ስታሳድግ ነው የኖረችው። በ1976 ከሾን ኮነሪ ጋር አንድ ፊልም ሠርታ ተመለሰች፣ ከዚያ በኋላም ጥቂት ብቻ። ወደ እኛ ስትመጣ የ58 ዓመት ሴት ነበረች፣ ስዊዘርላንድ ቶሎሸና የምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ አትክልቷን እየተንከባከበች የምትኖር።

ግጥሙም የሷ አይደለም። ሳም ሌቨንሰን የሚባል አሜሪካዊ ቀልደኛና ጸሐፊ ነው የጻፈው። እሷ ትወደው ነበር፣ የመጨረሻ ገናዋ ላይ ለልጆቿ አንብባላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ፌስቡክ የሷ አደረገው።

ወደ ሕይወቷ ልግባ፣ ትንሽ ይረዝማል ቻሉኝ። የተወለደችው በ1929 ብራስልስ ነው። እናቷ የሆላንድ ባላባት ዘር ናቸው፣ አባቷ የእንግሊዝ ዜግነት የነበረው ሰው። ልጅ ሆና ምኞቷ ባሌት ብቻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ለንደን ሄዳ ማሪ ራምበርት ጋር ተማረች፣ ግን ቁመቷ ረዘመ፣ በዚያ ላይ በጦርነቱ ጊዜ ምግብ በማጣት ሰውነቷ ተጎድቶ ስለነበር ዋና ዳንሰኛ አትሆኚም ተባለች። እንጀራ ነውና ከመድረክ ኋላ ከሚጨፍሩት ሴቶች አንዷ ሆነች። ቀጥሎ በፊልም ውስጥ ብቅ ብላ የምትጠፋ፣ አንድ ሁለት ቃል የምትናገር።

ዕድሏ የተከፈተው በ1951 ሞንቴ ካርሎ ላይ ነው። ትንሽ ፊልም ሊቀርጹ ሄደው ኮሌት የተባሉት የፈረንሳይ ደራሲ፣ ያን ጊዜ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሉ አሮጊት፣ አዩዋትና «ጂጂ» የሚለውን ታሪካቸውን በብሮድዌይ የምትጫወተው እሷ ናት አሉ። የመድረክ ትወና ልምድ የሌላትን ልጅ! በዚያው ዓመት ለ«ሮማን ሆሊዴይ» ለንደን አጠገብ ፈተና ተቀረጸች። ፈታኙ ለካሜራው ሰው ቁረጥ ስል አትቁረጥ፣ ማንሳትህን ቀጥል ብሎት ነበር። እሷ አልቋል ብላ አልጋው ላይ ቁጭ አለችና እየሳቀች እንዴት ነበርኩ ብላ መጠየቅ ጀመረች። ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር ያቺን ቁራጭ አይቶ ነው የወሰዳት።

ግሪጎሪ ፔክን ለዚህ እወደዋለሁ። እሱ ያኔ ትልቅ ኮከብ ነው፣ ውሉ ላይ ከርዕሱ በላይ የሚጻፈው የሱ ስም ብቻ ነበር። ቀረጻው ላይ ካያት በኋላ ግን ይቺ ልጅ ኦስካር ትወስዳለች፣ ስሟ ከኔ እኩል ካልተጻፈ ሞኝ ነው የምመስለው ብሎ አስለወጠ። እንዳለውም በ1954 በ24 ዓመቷ ኦስካሩን ወሰደች። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ በመድረክ ሥራዋ የቶኒ ሽልማትን። ሦስት ቀን!

ካፌ ላይ የምታያት ቀሚስ የፈረንሳዩ የልብስ ዲዛይነር የዢቫንሺ ሥራ ናት። በ1953 ሚስ ሄፕበርን ልትመጣ ነው ሲሉት ሌላዋ ታዋቂ ተዋናይት ካትሪን ሄፕበርን መስላው ተሰናድቶ ጠበቀ፣ የገባችው ግን ቲሸርት ያደረገች፣ ጠፍጣፋ ጫማ የተጫማች ቀጭን ልጅ ናት። እስከ ሞቷ ድረስ ወዳጅ ሆነው ኖሩ።

ከእናትሽ ጋር «ሮማን ሆሊዴይ» እዩ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ወጡ አያርም።

አርነም_አካባቢ፦

እኔ ሆላንድ ነው የምኖረው፣ እሷ ልጅነቷን ካሳለፈችበት ከተማ አጠገብ፣ ስለዚህ ሁለተኛዋን ጥያቄ ለኔ ተዉልኝ። ምን አመጣት ላልሽው።

አባቷ በ1935፣ እሷ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ ቤቱን ጥሎ ሄደ። በ1939 እናቷ ሆላንድ ገለልተኛ አገር ናት፣ ጦርነት አይነካትም ብላ ልጇን ከእንግሊዝ አምጥታ አርነም አስገባቻት። በዓመቱ ጀርመን ገባ። ስሌት ማለት እንዲህ ነው። በ1942 የአክስቷን ባል፣ ከሌሎች አራት ታጋቾች ጋር ወስደው ረሸኑት። ከዚያ በኋላ ቬልፕ ወደምትባለው አጠገቧ ያለች ከተማ፣ አያቷ ቤት ገቡ።

እዚህ አገር ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ «የረሃብ ክረምት» የሚሉት አለ፣ የ1944 እና 45ቱ ክረምት። የሆላንድ የባቡር ሠራተኞች የአጋር ጦርን ለማገዝ ሥራ አቆሙ፣ ጀርመኖች ለቅጣት ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል የሚሄደውን ምግብ አገዱ፣ ብርዱም ከባድ ነበር። 20 ሺህ ገደማ ሰው አለቀ ይባላል። ሰዎች የቱሊፕ አበባ ሥር እየቀቀሉ፣ እየፈጩ በሉ። እሷም በልታለች። ደም አነሳት፣ ቢጫ ወባ የሚመስል የጉበት ሕመም ያዛት፣ እግሯ አበጠ። እግር ማበጥ ከረሃብ ሲመጣ ምን እንደሚመስል የኛ ሰው ማብራሪያ አያሻውም።

ነጻ ሲወጡ እርዳታ መጣ። ዩኤንአርአርኤ የሚባል፣ ለዩኒሴፍ መሠረት የሆነው ድርጅት። እሷ ራሷ ስትናገር አንድ ሙሉ ጣሳ የተጨመቀ ወተት በአንዴ ጨርሳ ታመመች፣ አጃው ላይም ስኳር አብዝታ። እና ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ዩኒሴፍ ሲጠራት እሺ ያለችው ከየት ተነስታ እንደሆነ ከዚህ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህም ቢሆን ሰው ታሪኳን ማሳመር ይወዳል። እናትና አባቷ ከጦርነቱ በፊት የፋሺስት ደጋፊዎች ነበሩ፣ እናቷ ለነሱ ጋዜጣ ጽፋለች፣ ሂትለርንም አግኝታዋለች። ያ ግድያ ከደረሰ በኋላ ነው ልቧ የዞረው። ልጅቷ ግን መስኮት በተሸፈነበት ቤት ውስጥ፣ ጭብጨባ በሌለበት፣ በድብቅ እየጨፈረች ለተቃውሞ ንቅናቄው ገንዘብ ታሰባስብ ነበር። ስትታወቅ ስለ እናትና አባቷ ማውራት ትፈራ ነበር ይባላል፣ ማን ይፈርድባታል። አባቷን በቀይ መስቀል በኩል አፈላልጋ በ60ዎቹ ውስጥ ደብሊን አገኘችው። ሲያያት ያን ያህል የሞቀ ሰላምታ አልሰጣትም። እስኪሞት ድረስ ግን ትረዳው ነበር።

ዶሮ_ማነቂያ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ሙገሳ አልስማማም። ደግ ሰው ነበረች፣ አልከራከርም። ተዋናይ ግን? ዓይን፣ አንገትና ልብስ ናት። የሚሰጧት ሚና ሁሉ አንድ ነው፣ ምስኪን ልጅ ትመጣለች፣ ያለብሷታል፣ ታምራለች፣ አባቷ የሚሆን ሰው ይወዳታል። ሃምፍሪ ቦጋርት፣ ፍሬድ አስቴር፣ ጋሪ ኩፐር፣ በሙሉ የሷን ዕድሜ እጥፍ የሆኑ። «ማይ ፌር ሌዲ» ደግሞ ድምፁ እንኳ የሷ አይደለም! የሌላ ሰው ልፋት።

የሲኒማ_ሱሰኛ፦

ዶሮ ማነቂያ፣ የዕድሜው ነገር ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። «ሳብሪና» ላይ ቦጋርትን ሳየው እኔም ይጨንቀኛል፣ ከ50 በላይ ሰውዬ እኮ ነው።

የድምፁን ነገር ግን በደንብ እናውራው። «ማይ ፌር ሌዲ» መጀመሪያ የመድረክ ሥራ ነው፣ ብሮድዌይ ላይ የተጫወተችው ጁሊ አንድሩስ ናት። የስቱዲዮው አለቃ ጃክ ዋርነር የፊልም ተመልካች አያውቃትም ብሎ ተዋትና ለኦድሪ 1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ኦድሪ ለወራት ዘፈኑን ስትለማመድ ቆየች፣ በራሷ ድምፅ ቀረጸች፣ ከዚያ መሀል ላይ አብዛኛውን የምትዘፍነው ማርኒ ኒክሰን የምትባል ዘፋኝ ናት ተባለች። ተናዳ ከስቱዲዮው ወጥታ ሄደች። በማግስቱ ግን ተመልሳ ሠራተኛውን ሁሉ ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ማን እንደሆነ አንተው ፍረድ። ፊልሙ 8 ኦስካር ወሰደ፣ እሷ ለዕጩነት እንኳ አልቀረበችም። የዚያ ዓመት ምርጥ ተዋናይት ማን ሆነች? ጁሊ አንድሩስ፣ በሌላ ፊልም። ፈጣሪ ቀልድ ያውቃል።

ድምፅ የላትም የምትለው ደግሞ «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ውስጥ መስኮት ላይ ቁጭ ብላ ጊታር ይዛ የምትዘፍነው የራሷ ድምፅ ነው። ሄንሪ ማንቺኒ ዜማውን የሠራው እሷ መድረስ በምትችለው ልክ ለክቶ ነው። ዘፈኑ ኦስካር አግኝቷል። ትልቅ ድምፅ አይደለም፣ ልክ ነህ፤ እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ድምፅ ቢገባበት ያበላሸዋል።

እና ልብስ ናት ካልክ «ዘ ነንስ ስቶሪ»ን እይ። 1959። የመነኩሲት ልብስ ነው የለበሰችው፣ ፀጉር የለ፣ አንገት የለ፣ ዢቫንሺ የለ። ፊት ብቻ ነው የቀረላት። ነርስ የሆነች መነኩሲት ናት፣ መታዘዝ የሚከብዳት። የተቀረጸውም ከፊሉ ያኔ የቤልጂየም ኮንጎ በሚባለው አገር ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ምንም የማይፈነዳበት ፊልም ነው፣ እኔ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ወይ «ዌይት አንቲል ዳርክ»፣ ዓይነ ስውር ሴት ሆና ቤቷ ወንበዴዎች ሲገቡባት። ለሱ ዓይነ ስውራን ጋር ሄዳ ተምራለች። መብራት አጥፍተህ እይና ከዚያ ልብስ ናት በለኝ።

ዶሮ_ማነቂያ፦

እሺ የመነኩሲቷን አላየሁትም። አይቼ እመለሳለሁ። አቋሜን ግን አልቀየርኩም።

የድሮ_መምህር፦

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ስላለኝ ነው ጣልቃ የገባሁት። በ1980 በኛ አቆጣጠር መቀሌ አስተምር ነበር። ሴትየዋን አየሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ብትመጣም ማን እንደሆነች የሚያውቅ ከመቶ አንድ አይገኝም ነበር። የእርዳታ መኪና ውስጥ ፈረንጅ ማየት ለኛ አዲስ አልነበረም። እኛ የምናውቀው ዱቄቱ መጣ አልመጣም የሚለውን ነው።

ጊዜውን ግን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ዝናቡ በ79 ከድቶን ነበር፣ የ77ቱ ቁስል ገና ሳይሽር። ልጅቱ ጽሑፉ 77 ይላል ማለቷ አይገርመኝም፣ ሰው ረሃብ ሲባል የሚያስታውሰው እሱን ብቻ ነው። እሷ በመጣችበት ወር ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ የመንግሥት ጦር ተሸንፎ የሆነው ሆነ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ መንግሥት የውጭ ረድኤት ሠራተኞች ከኤርትራና ከትግራይ ይውጡ አለ። እና ጎበዝ፣ የመጣችው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። ኋላ እንዳነበብኩት ሴትየዋ ወጥታ ዝም አላለችም። ሁለት ሚሊዮን ሰው ሊያልቅ ነው፣ እህል ጠፍቶ ሳይሆን ወደብ ላይ ተከምሮ ማከፋፈል ስላልተቻለ ነው፣ ልቤ ተሰብሯል ብላ ለጋዜጠኞች ተናግራለች። ይቺን እወድላታለሁ። ብዙዎቹ እንግዶች ዝናብ ቀረ ብለው ብቻ ነበር የሚሄዱት፣ ሰማይን መክሰስ ማንንም አያስቀይምማ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በሚዞረው ጽሑፍ ላይ የአዛዪቱ ስም ሦስት ቦታ አለ፣ የታዘለችው ልጅ ስም የለም። በሕይወት ካለች ዛሬ አርባዎቹ ውስጥ ናት፣ ምናልባትም እሷ ራሷ ልጆች አዝላ ያሳደገች። እኔ መምህር ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ስም ሲጎድል ያመኛል።

ቡና_ጠጪዋ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አገላብጬ ሁለቴ አነበብኩት። የቤተሰብ ግሩፑ ላይም አስተካክዬ ጻፍኩ፣ አክስቴ «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» ብላኝ ሌላ ፎቶ ለቀቀች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ከኛ በኋላ ምን ሆነች? እንዴት ነው የሞተችው?

አርነም_አካባቢ፦

ከናንተ በኋላ አልተቀመጠችም። ቱርክ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ሱዳን፣ ባንግላዴሽ፣ ቬትናም። መጨረሻ በሴፕቴምበር 1992 ሶማሊያ ሄደች። ያየችውን ሲኦል ነው ብላ ነው የተረከችው። ስትመለስ ሆዷን ያማት ጀመር፣ ሎስ አንጀለስ ላይ በኖቬምበር ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉላት ከትርፍ አንጀት የተነሳ ካንሰር ተሠራጭቶ ተገኘ። ገናን ቤቴ ላሳልፍ አለች። በሕዝብ አውሮፕላን መሄድ ስለማትችል ዢቫንሺ የግል አውሮፕላን አስፈልጎ ላከላት፣ ውስጡን አበባ ሞልቶ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1993 ቶሎሸና ሞተች፣ 63 ዓመቷ ነበር። መቃብሯም እዚያው መንደር ነው። አንድ ጊዜ ለሥራ ሎዛን ሄጄ ጎራ ብዬ ነበር፣ ተራ መስቀል ነው ያለው፣ ባታውቂው ታልፊዋለሽ።

ቡና_ጠጪዋ፦

ተመልሻለሁ! ትናንት ማታ ከእማዬ ጋር «ሮማን ሆሊዴይ»ን አየን። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደብን፣ ግን ጨረስነው።

ልዕልቲቱ ከቤተ መንግሥት ጠፍታ ፀጉሯን ስትቆረጥ እማዬ «ወይኔ ያን የመሰለ ፀጉር!» ብላ ከልቧ አዘነች። ያ የድንጋይ አፍ ውስጥ እጁን ከትቶ የተቆረጠ ሲመስል ደግሞ ልጅቷ ስትጮህ እማዬም አብራ ጮኸች፣ ጎረቤት ሰምቷል። በኋላ ሳነብ ፔክ እጁን እጅጌው ውስጥ የሚደብቀው ሳይነግራት ነው አሉ፣ ጩኸቱ እውነተኛ ነው። መሳሳሙ ትንሽ ነው፣ ወጡም አላረረም፣ የሲኒማ ሱሰኛ ተመስገን በል።

ፊልሙ ሲያልቅ ግን (ያላያችሁ እዚች ጋ ዝለሉ) እማዬ ዝም ብላ ቴሌቪዥኑን ታየዋለች። አለቀ እኮ አልኳት።

«እንዴት አለቀ? አልተጋቡም?»

አልተጋቡም።

«ወደዚያ ወደ ቤተ መንግሥቷ ተመለሰች?»

አዎ።

«ታዲያ ምን አድርጊ ብለሽ ነው ያሳየሽኝ?» ብላ ነጠላዋን አንስታ ወደ መኝታዋ። ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እሱም ቢሆን ደሞዙን የሚያወጣ ጋዜጠኛ ነው፣ በምን ያኖራት ነበር» አለችኝ።

የመነኩሲቷን ቅዳሜ እናያለን። ዶሮ ማነቂያ፣ ከኛ በፊት አይተህ ጠብቀን።